የሙሽሪት ኮርኒስ

በአያቴ ቤት ሁለት ሰው ለብቻው አውርቶ አያውቅም። ሦስተኛዋ ሁሌም አያቴ ነበረች።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። መሐል ግድግዳው ረጅም ሰው እጁን ሲያነሣ ጫፉን የሚነካው ያህል ይወጣና ይቆማል። ከዚያ በላይ እስከ ቆርቆሮው ክፍት ነው። ጭሱ፣ ሽታው፣ ሳሉ፣ ወሬው፣ ሁሉም ከወዲህ ወዲያ እንዳሻው ይመላለሳል። እናቴ ሥራዋ ሌላ ቦታ ስለነበር እኔን እዚያ ትታኝ ነበር፤ ከአያቴ ጋር ባንድ አልጋ እተኛለሁ። ማዶ አጎቴ ነው። አጎቴ አገባ። ሚስቱን «ሙሽሪት» አልናት። ዛሬ ጉልበቷ እንቢ ብሏት በከዘራ ነው የምትሄደው፤ አሁንም ሙሽሪት ነው የምንላት።

ሙሽሪት በመጣች ሰሞን ነው። ምሳ በልተን ሁሉም በየክፍሉ ጋደም ብሏል። አጎቴ ማዶ ሆኖ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ምሳው ጨው አልበዛበትም?» አላት።

«አልበዛበትም!» አለች አያቴ ከወዲህ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ማዶ ጸጥ አለ። እኔ ደግሞ ከጨዋታ መቅረት አልወድም፤ «እኔም አልበዛብኝም!» ብዬ ጮህኩ። ጸጥታው ባሰ።

እንዲህ ነበር የምንኖረው። ሙሽሪት ማበጠሪያዋን የት እንዳደረገችው ባሏን ብትጠይቀው መልሱ ከአያቴ ነው የሚመጣው። አጎቴ ካስነጠሰ «ይማርህ» የምትለው አያቴ ናት። ሙሽሪት ሳቅ ካለች ደግሞ አያቴ «እህም» ብላ ትስላለች። ያቺ ሳል ለብቻዋ ናት። ደረቅ፣ አጭር፣ በር እንደሚያንኳኳ ጣት።

ዝናብ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚገለብጡበት ይመስላል፤ ሰው የራሱን ድምፅ እንኳ አይሰማም። የዚያን ጊዜ ሙሽሪት የያዘችውን ጥላ ክፍሏ ትገባለች። አጎቴም አንድ ነገር የረሳ መስሎ ይከተላታል። አያቴ አንጋጣ ቆርቆሮውን በጠላት ዓይን ታየዋለች። እኔ ሙሽሪት ዝናብ ትወዳለች ብዬ ነበር የማምነው። ደመና ባየሁ ቁጥር እየሮጥኩ፣

«ሙሽሪት! ደስ ይበልሽ፣ ሊዘንብልሽ ነው!» እላታለሁ፣ ሰው ፊት ሳይቀር።

ለምን መሬት መሬት እንደምታይ አይገባኝም ነበር።

አንድ ቀን ልብስ ስታሰጣ ሰማኋት። አጎቴ ገመዱን ይዞላታል፣ እኔ ከአንሶላው ጀርባ ነኝ።

«ወይ ኮርኒስ፣ ወይ እኔ እናቴ ቤት» አለችው። «አንዱን ምረጥ።»

ሙሽሪት ሳታስለቅሰኝ ፀጉሬን የምታበጥር ብቸኛ ሰው ናት። አያቴ ስታበጥረኝ የዘመድ ደም የምትበቀል ነው የምትመስለው።

ያንኑ ቀን ራት ላይ አጎቴ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እማ፣ እኛ ክፍል ኮርኒስ ላስደርግ ነው።»

«ለምን ሲባል?»

አጎቴ ሙሽሪትን አየ። ሙሽሪት ሳህኗን አየች።

«ለ... ለአይጥ» አለ።

«ኮርኒስ እኮ የአይጥ የሰርግ አዳራሽ ነው! ደግሞ ይሄ ቤት አይጥ ኖሮበት አያውቅም።»

«አለ እንጂ እማማ» አለች ሙሽሪት፣ አንገቷን ደፍታ፣ በትሕትና። «ትልቅ ነው። ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ያዳምጠናል። አንዳንዴም ያስላል።»

አጎቴን ውሃ ትን አለው። አያቴ አፏ ውስጥ ያለውን ሳታኝክ ዋጠች። እኔ ብቻ ነኝ የተደሰትኩት። የሚያስል አይጥ!

«ምን ያህላል?» አልኩ።

«ዝም ብለሽ ብዪ» አለኝ አጎቴ፣ እየሳለ።

ይሄ ነገር የገባኝ አግብቼ፣ ከአማቴ ግድግዳ ጎን ቤት የተከራየን ጊዜ ነው። ሰው መሐል ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። ያን ጊዜ ግን የያዝኩት ይሄን ብቻ ነው፤ ሙሽሪት አይጥ ትፈራለች፤ አይጡ ካልጠፋ ትሄዳለች።

ኮርኒስ ሠሪውን «ሲባጎ» ይሉታል። ቁመት አለው፣ ውፍረት የለውም፣ አንገቱ ላይ ደግሞ የሲባጎ ጥቅል አይጠፋም። ወሬውም እንደ ጥቅሉ ነው፤ ቢጎትቱት አያልቅም። መጀመሪያ ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎውን ወጠረና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአንዱ አየው። በዚያ ልክ ዙሪያውን ቀጫጭን እንጨት በምስማር መታ። ከዚያ ግቢ ውስጥ አቡጀዴውን ዘረጋና እየተንበረከከ ስፋቱን ከስፋቱ ይሰፋው ጀመር። ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ ለሙሽሪት ያስረዳታል።

«ኮርኒስ እንደ ባል ነው የኔ እመቤት። ካላጠበቁት ሆድ ያወጣል።»

አጎቴ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ።

ሙጫውን የሠራው ዱቄት አፍልቶ ነው። ሲወፍር ከኪሱ ጥቁር ነገር አውጥቶ ፈረፈረበት።

«ይሄ ሬት ነው። ዱቄት ብቻውን ከሆነ አይጥ እየላሰ ይጨርሰዋል። ሬት የቀመሰ አይጥ ግን በዚያ አያልፍም።»

ስላላመንኩት በጣቴ ቀመስኩ። ቀኑን ሙሉ ምላሴን አውጥቼ ዋልኩ፤ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ያዩኝ ነበር። እሱ ስቆ ኖራውን ጨመረበትና አማሰለ።

«ለእርስዎስ ክፍል እማማ? በዚያው ልወጥርልዎት?» አላት አያቴን።

«ሂድ ወዲያ! እኔ ሳልሞት ነጭ ጨርቅ ከላዬ አይዘረጋም።»

አቡጀዴው ሲሰቀል እርጥብ ስለነበር የአሮጊት ጉንጭ ይመስል ነበር። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ጠበቀ። ክፍሉ ነጭ ሆነ፣ እንቁላል ውስጥ የገባን ነው የመሰለን። ሙሽሪት አልጋዋ ላይ ተንጋላ «እፎይ» አለች። እኔም አጠገቧ ተንጋልዬ «እፎይ» አልኩ። እጄን ይዛ አስወጣችኝ።

አንድ ነገር ግን ማንም አላሰበም። ሲባጎ ስለ አይጥ ተነገረው፣ ለአይጥ የሚሆን ኮርኒስ ሠራ። ጨርቅ ድምፅ አያግድም። ድምፁ ያልፋል፣ ቃሉ ነው የሚቀረው። ማዶ ጉም ጉም ይላል፤ ምን እንደሆነ አይለይም። ለአያቴ ይሄ ጭራሽ ካለመስማት የባሰ ነበር።

«ምን አሉ?» ትለኛለች።

«እኔ እንጃ።»

«ይሄን የመሰለ የልጅ ጆሮ ይዘሽ!»

ያን ሰሞን አያቴ ኩርፊያ በኩርፊያ ሆነች። ዕቃ ስታስቀምጥ ትጥላለች። ከዚያ አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ከውጭ ስገባ የልብስ ሳጥኗ ላይ በርጩማ ደርባ፣ በርጩማው ላይ ራሷ ወጥታ አገኘኋት። ጭንቅላቷ ከመሐል ግድግዳው አልፏል። አንድ ጆሮዋን ወደ ማዶ አዘንብላለች። እጇ ላይ መቀስ አለ።

«እማማ፣ ምን—»

«እሽሽ! አይጥ እየጠበቅኩ ነው።»

መቀሱ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ለጭራው መስሎኝ ነበር።

«ታየሽ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«በርጩማውን ያዢልኝና ዝም በይ።»

ያዝኩላት። ከዚያ ወዲያ ሥራችን ይሄ ሆነ። ምሳ ይበላል፤ እነሱ ይገባሉ፤ አያቴ ትወጣለች፤ እኔ በርጩማ እይዛለሁ። የቁርጭምጭሚቷን ደም ሥሮች በቃሌ አውቃቸዋለሁ። እንደሷ ያለ ትዕግሥተኛ አዳኝ ዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። አንዴ ግን ከቆርቆሮው ሥር ያለው አቧራ ጉሮሮዋ ገባና «እህም» አለች።

ማዶ ጉምጉምታው ቀጥ አለ።

«አይጡ ተመለሰ» አለች ሙሽሪት፣ ጥርት ባለ ድምፅ። ከዚያ ሻንጣ ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማ።

እኔ በርጩማው ሥር በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። አይጡ እኛው አጠገብ ደርሷል ማለት ነው! ያሳለችው አያቴ እንደሆነች በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ግን እሷ ያሳለችው አይጡን ለማታለል ነው ብዬ ነበር። አዳኞች እንዲህ ያደርጋሉ።

በማግስቱ አያቴ ከወትሮው ቶሎ ወረደች። ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለችና ጉልበቷን ይዛ ቀረች።

«ምን ሆንሽ እማማ? አየሽው?»

«ሊሄድ ነው።»

«አይጡ?»

«አዎ። አይጡ። ከተማ ቤት ሊከራይ ነው።»

የሚያስል አይጥ ቤት ቢከራይ ምን ይገርማል። «ታዲያ ደስ አይልሽም?» አልኳት።

«ቤቱ ጭር ይላል» አለችና በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

አያቴ ሰው ስታስለቅስ እንጂ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ጋደም ብዬ አሰብኩት። ይሄን ሁሉ ቀን ቆማ ጠብቃ፣ ሳትይዘው ሊያመልጣት ነው። ሰው በዚህ ካላለቀሰ በምን ያለቅሳል? እንግዲያው ሻንጣውን ሳይሸክፍ መያዝ አለበት።

ጎረቤታችን ያለችው ባለሱቅ የምትመካባት ድመት ነበረቻት፤ ቅቤ ሻጭ የምታህል። ለአይጥ ነው ካሏት ታውሳለች። በሚቀጥለው ቀን ከምሳ በኋላ አያቴ ሳጥኑ ላይ አልወጣችም፤ ግቢ ውስጥ እህል ታሰጣለች፣ ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ። እኔ ድመቷን በጆንያ ይዤ ገባሁ። ሳጥኑ ላይ ወጣሁ፣ በርጩማው ላይ ወጣሁ። በርጩማ የሚይዝልኝ እንኳ አልነበረም። ጆንያውን በግድግዳው አሻግሬ ገለበጥኩት።

ማዶ የሆነውን የነገረችኝ ሙሽሪት ናት፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁሌም ትንሽ እየጨመረች። ተቀምጠው ዝቅ ባለ ድምፅ ይከራከራሉ። ድንገት ጧ! አለና ነጩ ኮርኒስ ሆድ አወጣ። ሆዱ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አራት ትንንሽ እብጠቶች ሆነና ቀስ እያለ ይራመድ ጀመር። አጎቴ አንጋጠጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እማ?» አለ።

እብጠቶቹ ጥጉ ጋ ሲደርሱ አቡጀዴው ተተረተረና ድመቷ ከነክብደቷ አልጋቸው ላይ ወረደች።

ጩኸቱ ባለሱቋ ድረስ ተሰማ። ድመቷ በመስኮት ሄደች። አያቴ እጇ ላይ እህል እንዳለ ሮጣ ገባች። እኔም ከበርጩማው ወርጄ በበሩ ገባሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ተያዘ?»

ሲባጎ ሁለት ቤት አልፎ ሌላ ኮርኒስ ይመታ ነበርና ሳይጠራ መጣ። መሰላሉን አቆመ። ሁላችንም አንጋጠን ቆምን፣ ከሙሽሪት በቀር። እሷ ሻንጣዋን አልጋው ላይ ከፍታ ልብሷን ታጣጥፋለች። አጎቴ አንዴ እሷን፣ አንዴ እናቱን ያያል፤ ማንን እንደሚይዝ አላወቀም።

«ይሄ የድመት ጥፍር ነው» አለ ሲባጎ ከላይ። «ክሩ ተጎልጉሏል፣ ታያላችሁ? ይሄኛው ግን...» ጣቱን በጠርዙ አስኬደ። «ይሄ ቀጥ ያለ ነው። ቀድሞም ነበረ። ሬት ያለበትን አቡጀዴ አይጥ አይነካም ብዬ አልነበር?» ዝቅ ብሎ አያቴን አያት። «ይቺ አይጥ መቀስ አላት።»

ማንም አልሳቀም። አያቴ መዳፏ ላይ ያለውን እህል ትቆጥር ይመስል ታየዋለች። ሙሽሪት ማጠፏን ቀጠለች፤ እንዲያውም ፈጠነች።

እኔ ግን አቃጠለኝ። ስንት ቀን የቆመች ሴት እንዲህ ትታይ?

«አያቴን አትዩዋት!» አልኩ። «እሷ ስትጠብቀው ነው የከረመችው! በርጩማ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ባለፈው ራሱ አልቅሳለች!»

የሙሽሪት እጅ ቆመ። «ለምን አለቀሰች?»

«አይጡ ከተማ ቤት ሊከራይ ነው ብላ። ቤቱ ጭር ይላል ብላ።»

ሲባጎ መሰላሉ ላይ እንደቆመ ፊቱን ወደ ኮርኒሱ መለሰ። «የአይጥ ምስክር ድንቢጥ» አለ ለራሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ድንቢጥ ሆነ።

ዛሬ ሳስበው አያቴ እዚያ ሳጥን ላይ የምትወጣው የሰው ጉድ ለመስማት አልነበረም። እሺ፣ ለሱም ነበር፤ ልዋሽላት አልፈልግም። ዋናው ግን ልጇ መቼ ጥሏት እንደሚሄድ ማወቅ ፈልጋ ነው። መጠየቅ ደግሞ አትችልበትም። ባዳመጠች ቁጥር የሚሄድበትን ቀን ራሷ እያቀረበችው ነበር።

ሙሽሪት ሻንጣው ጎን ተቀመጠች።

«እማማ፣ ምን ምን ሰሙ?»

«ምንም። ጉም ጉም።»

«እማማ።»

«ኩሽናው እንደሚጨስ» አለች አያቴ፣ ዓይኗን ከመዳፏ ሳትነቅል። «ከተማ እንደሚሻል። የኔ አልጋ ሲንቋቋ እንቅልፍ እንደሚነሳችሁ። እንደምገላበጥ ማን ነገራችሁ? አልጋዬ እንደሚሰማችሁ እኮ አላውቅም ነበር።»

«እኛንስ የሚሰሙን እርስዎ ብቻ መሰለዎት?» አለች ሙሽሪት። ድምፅዋ ግን የቁጣ አልነበረም። የተቀደደውን ጥግ አንጋጣ አየችው። ሲባጎ መርፌ አውጥቶ ክር እየከተተ ነበር።

«አትስፋው» አለችው።

«ምን?»

«የቀረውን ድርብ አድርገው፣ ቃልም ድምፅም የማያሳልፍ። እዚህ ጥግ ላይ ግን በር ሥራልኝ።»

«ኮርኒስ ላይ በር?»

«ትንሽ። ማጠፊያ ያላት። መቀርቀሪያዋ በኔ በኩል ይሁን።»

«ይሄን ያህል ዘመን ኮርኒስ ስሠራ በር ያለው የጠየቀኝ የለም።»

«እንግዲያው አማት ያላት አልጠየቀችህም።»

«መቀርቀሪያዋ ለምን በሷ በኩል ይሆናል?» አለች አያቴ።

«እማ!» አለ አጎቴ።

«ጠየቅኩ እንጂ!»

ሙሽሪት ያኔ ሳቀች። አያቴ አላሳለችም። አፏ ድረስ እንደመጣባት አይቻለሁ፤ ዋጠችው።

በሯ የተሠራችው ከሳንቃ ነው፣ የሰው ጭንቅላት የምታሳልፍ። ሲባጎ ነጭ ቀባት። የመጀመሪያው ምሽት ሙሽሪት አልጋዋ ላይ ቆማ ገፋቻት።

«እማማ፣ ደህና ይደሩ።»

«ደህና እደሪ ልጄ። እኔ ምልሽ፣ ያ የራቱ ጨው—»

ቀጭ። መቀርቀሪያው ገባ። ሻንጣው አልጋው ሥር ተመልሶ ነበር፤ ቁልፉ የት እንደገባ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

አያቴ ታማ በተኛችበት የመጨረሻው ክረምት ያቺ በር ክፍት ሆና ታድር ነበር። የምትከፍታት ሙሽሪት ናት። ሳሉን ለመስማት።

ባለፈው ወር ሄጄ ነበር። ኮርኒሱ አሁን ኮምፔንሳቶ ሆኗል፤ በሯን ግን አናጢው ከአሮጌው ነቅሎ እዚያው ገጥሟታል፣ ሙሽሪት ቆማበት። ያን ክፍል ልጇና ሚስቱ ይዘውታል። እሷ አያቴ ክፍል ነው የምትተኛው፤ እሱ እስከ ዛሬ ኮርኒስ የለውም። አላስደርግም ትላለች። ብርድ ነው ቢሏትም፣ አቧራ ነው ቢሏትም።

ምሳ በልተን ቦርሳዬን አነሳሁ። መኪናው በር ላይ ቆሟል።

«ድንቢጥ» አለችኝ ዝቅ ብላ። «ይሄ ቤት አይጥ ሳይገባበት አልቀረም።»

«ሙሽሪት፣ ሹፌሩ እየጠበቀኝ ነው።»

«አንድ አፍታ ነው። በርጩማውን ያዢልኝ።»

«በዚህ ጉልበትሽ?»

ከዘራዋን አስያዘችኝና ወጣች። ጉልበቷ እንቢ የሚላት ለሌላ ነገር ነው። ሳጥኑ ያው ሳጥን ነው። ጆሮዋን ወደ ማዶ አዘነበለች። ውጭ ጥሩንባ ተነፋ።

«ምን ይላሉ?» አልኩ።

«እሽሽ።» ፊቷ ተለዋወጠ። «ሰማሻት ይቺን? ምሳው ጨው በዝቶበታል ትለዋለች!»

ከዚያ አፏን ወደ ኮርኒሱ አስጠግታ፣

«አልበዛበትም!»

ማዶ ጸጥ አለ። ሹፌሩ ደግሞ ነፋ።

«እኔም አልበዛብኝም!» ብዬ ጮህኩ፣ በርጩማውን ሳልለቅ።